የአስተዳደር ወሰንና የሕዝብ ጥቅም

ማንኛውም አገር በክፍል በክፍል ተለይቶ ካልተደራጀ በአግባቡ ሊተዳደር አይችልም። ከዋናው ከተማ ሆኖ የሩቁን ገበሬ ችግር ማወቅ፣ የሩቁን መንገድ መጠገንና የሩቁን ትምህርት ቤት መቆጣጠር አስቸጋሪ ስለ ሆነ፣ መንግሥታት ሁሉ አገራቸውን በክልል ወይም በክፍለ ሀገር፣ በአውራጃና በወረዳ ይከፍላሉ። ይሁን እንጂ የአከፋፈሉ ጥሩነት የሚመዘነው በካርታ ላይ በሚታየው ቅርጽ ሳይሆን ለሕዝቡ በሚያስገኘው ጥቅም ነው። ስለዚህ አዲስ የአስተዳደር ወሰን በተሰመረ ቁጥር ሦስት ጥያቄዎች ሊነሡ ይገባል። አንደኛ፣ አዲሱን አስተዳደር የሚመራውን ሰው የሚሾመውና የሚሽረው ማን ነው? ሁለተኛ፣ ለአስተዳደሩ የተሰጠው ሥራ የተሰጠው ከነገንዘቡ ነውን? ሦስተኛ፣ ወሰኑ ሲሰመር ሳይታሰብ የቀረ ሰው አለን? እነዚህ ጥያቄዎች ተገቢ መልስ ካላገኙ ካርታው ደጋግሞ ቢለወጥም የሕዝቡ ኑሮ እንደ ነበረ ይቀራል። ለዚህም ከኢትዮጵያ ምዕራባዊ ጠረፍ ማዶ ያለው የገዳሪፍ ምድር ታሪክ ግልጽ ማስረጃ ነው።

ገዳሪፍ በምሥራቅ ሱዳን የምትገኝ፣ ከመተማና ከገላባት 150 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቅ የንግድ ከተማ ናት። ቀድሞ የሹክሪያ ነገድ አለቆች በሆኑት በአቡ ሲን ቤተሰብ ስም «ሱቅ አቡ ሲን» ትባል ነበር፤ ትርጉሙም «የአቡ ሲን ገበያ» ማለት ነው። በዙሪያዋ የተንጣለለው ሜዳ ጥቁር የዋልካ አፈር ስለ ሆነ ለማሽላና ለሰሊጥ እጅግ የተስማማ ነው። ከኢትዮጵያ ደጋ የሚነሡት ሁለት ወንዞች፣ ማለትም በጎንደር በኩል ጓንግ የሚባለው የአትባራ ወንዝና ማዶ ሲደርስ ሰቲት የሚባለው ተከዜ፣ በዚሁ ምድር ያልፋሉ። በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. የባቡር ሐዲድ ወደ ከተማዋ ገባ። ከ1940ዎቹ አጋማሽ ጀምሮም በትራክተር የሚታረስ ሰፊ የዝናብ እርሻ በአካባቢው ተስፋፋ። ከዚህም የተነሣ ገዳሪፍ ከሱዳን ዋና ዋና የእህል ጎተራዎች አንዷ ለመሆን በቃች። በየዓመቱ ለአረምና ለአጨዳ ከዳርፉር፣ ከጥቁር ዓባይ አካባቢና ከኢትዮጵያ ቆላዎች ብዙ ሠራተኛ ወደዚያ ይወርዳል።

ይህን የመሰለ ሀብት ያለው ምድር አስተዳደሩ ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል። ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ ሥር በነበረችበት ዘመን ገዳሪፍ የከሰላ ክፍለ ሀገር አካል ነበረች። እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1956 አገሪቱ ነፃ ስትወጣ ዘጠኝ ክፍላተ ሀገር የነበሯት ሲሆን፣ የምሥራቁ ምድር በሙሉ፣ ከቀይ ባሕር ጠረፍ እስከ ገላባት ድረስ፣ በዚሁ በከሰላ ስም ይተዳደር ነበር። በገጠሩ የመሬትን፣ የግጦሽንና የውሃን ጉዳይ የሚዳኙት የነገድ አለቆች ነበሩ። ነፃነት ከተገኘ በኋላ ሥልጣኑና ገንዘቡ በካርቱም ስለ ተከማቸ በምሥራቁ ሕዝብ ዘንድ ቅሬታ ተፈጠረ። በ1958 እ.ኤ.አ. በፖርት ሱዳን የተመሠረተው የቤጃ ኮንግረስ ለምሥራቁ ሕዝብ ራሱን የማስተዳደር መብት እንዲሰጠው መጠየቅ ጀመረ። ይህ ጥያቄ እስከ ዛሬ ድረስ በተለያየ መልክ ሲነሣ ኖሯል።

በ1969 እ.ኤ.አ. ሥልጣን የያዘው የጃፋር ኒሜሪ መንግሥት በ1971 አዲስ የአካባቢ አስተዳደር ሕግ አውጥቶ የነገድ አለቆችን አስተዳደር በሰሜን ሱዳን አፈረሰ። ከዚያም በ1980 እ.ኤ.አ. በወጣው የክልላዊ መንግሥታት ሕግ ከሰላና ቀይ ባሕር ተጣምረው «የምሥራቅ ክልል» ተባሉ። ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን የያዘው የዑመር አል በሺር መንግሥት በ1991 አገሪቱን ዘጠኝ ግዛቶች አደረጋት፤ ምሥራቁም አንድ ግዛት ሆነ። በ1994 ደግሞ የግዛቶቹ ቁጥር በአንድ ጊዜ ወደ 26 ከፍ ሲል ምሥራቁ ለሦስት ተከፈለና ቀይ ባሕር፣ ከሰላና ገዳሪፍ የሚባሉ ግዛቶች ተቋቋሙ። እንግዲህ አንድ የገዳሪፍ ገበሬ ከእርሻው ሳይነቃነቅ በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ የክፍለ ሀገር፣ የክልል፣ የትልቅ ግዛትና የትንሽ ግዛት ነዋሪ ሆነ ማለት ነው። ይህ ሁሉ ለውጥ ሲደረግ የገበሬው ሐሳብ በሕዝብ ድምፅ አልተጠየቀም።

አዲስ ግዛት መቋቋሙ ጥቅም አላስገኘም ማለት ግን አይቻልም። ክፍፍሉን የሚደግፉ ሰዎች መንግሥት ወደ ሕዝቡ መቅረብ አለበት ይላሉ፤ አባባላቸውም እውነትነት አለው። ቀድሞ አቤቱታውን ይዞ እስከ ከሰላ ይጓዝ የነበረው ባለጉዳይ አሁን በገዳሪፍ ከተማ ይስተናገዳል። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ከተማዋ የራሷ ዩኒቨርሲቲ ያገኘችውም ከዚሁ ለውጥ ጋር ተያይዞ ነው። በሹመትና በሥራ ረገድም የአካባቢው ተወላጆች ዕድል ሰፍቷል። ይህን ሁሉ መካድ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ይሁን እንጂ የቢሮ መቅረብና የሥልጣን መቅረብ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ቢሮው በቀረበ ጊዜ ውሳኔው አሁንም ከሩቅ የሚመጣ ከሆነ ባለጉዳዩ ያተረፈው የመንገዱን ድካም ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ፣ ማለትም የሹመቱ ጉዳይ፣ በገዳሪፍ እንዴት እንደ ተመለሰ መመልከት ይጠቅማል። በ2005 እ.ኤ.አ. የጸደቀው ጊዜያዊ ብሔራዊ ሕገ መንግሥት እያንዳንዱ ግዛት የራሱን ሕገ መንግሥት እንዲያወጣና የራሱ ምክር ቤት እንዲኖረው ፈቀደ። «ዋሊ» የሚባለውን የግዛቱን አስተዳዳሪም ሕዝቡ ራሱ እንዲመርጥ ደነገገ። በዚህም መሠረት በሚያዝያ 2010 እ.ኤ.አ. በተደረገው ምርጫ ከገዥው ፓርቲ የቀረቡት ከረመላህ አባስ የገዳሪፍ ዋሊ ሆነው ተመረጡ። እኒህ ሰው ግን ለግዛቱ ሊሰጥ በሚገባው ገንዘብ የተነሣ ከማዕከላዊው የገንዘብ ሚኒስቴር ጋር ውዝግብ ውስጥ ገቡና በ2012 ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ሦስት ዓመት ሳይሞላ፣ በጥር 2015 እ.ኤ.አ.፣ ሕገ መንግሥቱ ተሻሻለና ዋሊዎችን የመሾም ሥልጣን ለፕሬዚዳንቱ ተሰጠ። በሕዝብ ድምፅ የመጣ መብት በአንድ የምክር ቤት ስብሰባ ተመልሶ ሄደ። የግዛቱ ስም፣ ወሰንና ማኅተም አልተለወጡም፤ የተለወጠው አስተዳዳሪው የሚጠየቅለት ወገን ነው። ከዚህ የምንረዳው፣ የግዛት ሕገ መንግሥት ዋስትና የሚሆነው ማዕከላዊው መንግሥት ብቻውን ሊሽረው የማይችል ሲሆን ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ የገንዘብ ነው። የገዳሪፍ ሰሊጥ በፖርት ሱዳን በኩል ወደ ውጭ አገር ሲላክ የሚገኘው የጉምሩክ ገቢ የሚገባው ወደ ማዕከላዊው መንግሥት ግምጃ ቤት ነው። ግዛቱ ለመምህራን ደመወዝ፣ ለጤና ጣቢያና ለመንገድ የሚያስፈልገውን ለማግኘት የካርቱምን እጅ መጠበቅ ነበረበት። ሥልጣን በወረቀት ተሰጥቶ በጀት ሲከለከል ነገሩ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይሆናል። በጥቅምት 2006 እ.ኤ.አ. በሱዳን መንግሥትና በምሥራቅ ግንባር መካከል በአሥመራ የተፈረመው የሰላም ስምምነት ይህንን ጉድለት ለማረም ሞክሮ ነበር። ለሦስቱ የምሥራቅ ግዛቶች ልማት በአምስት ዓመት ውስጥ 600 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር እንዲመደብና ይህን የሚያስተዳድር ድርጅት እንዲቋቋም ተወሰነ። ሆኖም ገንዘቡ በተባለው ጊዜና በተባለው መጠን ስላልቀረበ ሕዝቡ የጠበቀውን ያህል አላየም።

የገዳሪፍ ከተማ የመጠጥ ውሃ ጉዳይ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ግዛቱን ሁለት ታላላቅ ወንዞች እያቋረጡት የከተማዋ ሕዝብ ለብዙ ዓመታት በውሃ እጥረት ሲቸገር ኖሯል። ከአትባራ ወንዝ ዳር ከሸዋክ በቧንቧ የሚመጣው ውሃ ለሚያድገው ሕዝብ አልበቃም። በ1956ቱ ክፍለ ሀገር፣ በ1980ው ክልል፣ በ1994ቱ ግዛት ዘመን እንስራና በርሜል ተሸክሞ ውሃ መፈለግ አልቀረም። ከተግባሮቹ አንዱ ለገዳሪፍ ውሃ ማቅረብ የሆነው የላይኛው አትባራና ሰቲት ግድብ የተመረቀው በ2017 እ.ኤ.አ. ነው። ለተጠማ ሰው ዋናው ነገር የአስተዳደሩ ስም ሳይሆን የቧንቧው መምጣት ነው። ቧንቧ ደግሞ የሚዘረጋው በአዋጅ ብቻ ሳይሆን በገንዘብ፣ በባለሙያና በተቆጣጣሪ ነው።

እንዲህ ያለው ችግር በሱዳን ብቻ የተወሰነ አይደለም። ናይጄሪያ በ1960 እ.ኤ.አ. ነፃ ስትወጣ ሦስት ክልሎች ነበሯት። በ1967 ወደ 12፣ በ1976 ወደ 19፣ በ1996 ደግሞ ወደ 36 ግዛቶች አደገች። ይሁን እንጂ አብዛኞቹ ግዛቶች በየወሩ ከፌዴራሉ መንግሥት የሚከፋፈለውን የነዳጅ ገቢ ጠባቂዎች ሆነው ቀርተዋል። ከዚህም አልፎ በአዲስ ግዛት ውስጥ አዲስ አናሳ ወገን ስለሚፈጠር፣ እርሱም በተራው የራሱን ግዛት ይጠይቃል። በምሥራቅ ሱዳንም ይኸው ታይቷል። በሐምሌ 2020 እ.ኤ.አ. ለከሰላ የተሾሙት ዋሊ የመጡበትን ነገድ ምክንያት በማድረግ ተቃውሞ ስለ ተነሣ ሥራቸውን በከተማዋ ሳይጀምሩ በጥቅምት ከሹመታቸው ተነሡ፤ በግጭቱም የሰው ሕይወት ጠፋ። በዚያው በጥቅምት ወር በጁባ የተፈረመው የሰላም ስምምነት አገሪቱ ወደ ክልላዊ አስተዳደር እንድትመለስ ቢወስንም፣ ምሥራቁን የሚመለከተው ክፍል ብርቱ ተቃውሞ አስነሣ። በ2021 ተቃዋሚዎቹ የፖርት ሱዳንን መንገድና ወደብ ዘግተው ሰነበቱ። ወሰን የአንድ ነገድ ርስት ተደርጎ በሚታሰብበት ስፍራ ሹመት ሁሉ የድልና የሽንፈት ምልክት ይሆናል፤ ትምህርት ቤቱና ሆስፒታሉ ግን የሚያስባቸው ያጣሉ።

ሦስተኛው ጥያቄ፣ ሳይታሰቡ የሚቀሩ ሰዎች ጉዳይ፣ ከሁሉም ይበልጥ ሊጤን የሚገባው ነው። ከገዳሪፍ በስተሰሜን ምዕራብ ቡታና የሚባል ሰፊ የግጦሽ ሜዳ አለ። የሹክሪያ፣ የላሃዊንና የሌሎች ነገዶች አርቢዎች በክረምት ግመልና በጎቻቸውን ወደዚህ ሜዳ ያሰማራሉ፤ በበጋ ደግሞ ወደ ወንዝና ወደ ታጨደ ማሳ ይመለሳሉ። ይህ አንድ የነበረ ሜዳ ዛሬ በገዳሪፍ፣ በከሰላ፣ በጀዚራ፣ በካርቱምና በናይል ወንዝ ግዛቶች መካከል ለአምስት ተከፍሏል። መንጋው የሚከተለው ዝናቡን ስለ ሆነ አርቢው በአንድ ዓመት ውስጥ ከአንድ ግዛት ወደ ሌላው ያልፋል። በአንደኛው ግዛት የከፈለው ግብር በሌላው ግዛት የውሃ ጉድጓድ አያስቆፍርለትም። የጥንቱ የነገድ አለቆች ዳኝነት ፈርሶ በምትኩ የአምስት ግዛቶች ጽሕፈት ቤቶች ሲቋቋሙ፣ የግጦሽ ጠብ ቢነሣ ዳኛው የትኛው እንደ ሆነ መለየት አስቸገረ። የትራክተር እርሻ እየሰፋ ሲሄድም የከብት መተላለፊያው ጠበበ።

የምርጫ ክልል አከላለልም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ለ2010 ምርጫ የተዘጋጁት የምርጫ ክልሎች የተመሠረቱት በሚያዝያ 2008 እ.ኤ.አ. በተጀመረው የሕዝብ ቆጠራ ላይ ነበር። በዚያ ቆጠራ የገዳሪፍ ግዛት ሕዝብ ከ1.3 ሚሊዮን በላይ መሆኑ ተመዝግቧል። ቆጠራ በአንድ ወቅት የሚደረግ ስለ ሆነ ከመንጋው ጋር የሚዘዋወረውን ሰው በትክክለኛ ስፍራው ለመመዝገብ ልዩ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በሚያዝያ በአንድ ስፍራ የተቆጠረ አርቢ በነሐሴ በሌላ ስፍራ ነውና። የምርጫ ክልልን ለራስ ጥቅም ማጣመም ጥንታዊ ተንኮል ነው። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ገዥ የነበረው ኤልብሪጅ ጌሪ በ1812 እ.ኤ.አ. ለፓርቲው የሚመች አከላለል ስለ ፈረመ፣ ቅርጹ እንሽላሊት ከሚመስል ፍጡር ጋር ተመሳስሎ በስሙ «ጌሪማንደር» የሚል ቃል ወጣለት። ከዚህ ዓይነቱ ተንኮል የሚጠብቀው ትክክለኛ ቆጠራና ገለልተኛ አካላይ ብቻ ነው።

የገዳሪፍ ታሪክ ለኢትዮጵያም ትምህርት ይሰጣል። ከወሰኑ ወዲህ ያለው የመተማ ምድርም ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በበጌምድርና ስሜን ጠቅላይ ግዛት ሥር ነበር፤ ከ1966ቱ አብዮት በኋላ በጎንደር ክፍለ ሀገር፣ በ1980 ዓ.ም. በሰሜን ጎንደር አስተዳደር አካባቢ፣ ከዚያም በአማራ ክልል በሰሜን ጎንደር ዞን ሥር ሆነ። በኋላም ዞኑ ለሦስት ተከፍሎ ገንዳ ውሃን ማዕከሉ ያደረገ የምዕራብ ጎንደር ዞን ተቋቁሟል። የ1987ቱ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ክልሎች የራሳቸውን ሕገ መንግሥት እንዲያወጡ ሥልጣን ሰጥቷል። የሕዝብ ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ እንዲካሄድና የምርጫ ክልሎችም በቆጠራው ውጤት ላይ ተመሥርተው እንዲወሰኑ በአንቀጽ 103 ደንግጓል። ሆኖም ከ1999 ዓ.ም. ቆጠራ በኋላ ሊደረግ የታቀደው ቆጠራ ተደጋግሞ ተላልፏል። ሕዝብ ሳይቆጠር ውክልናውን በትክክል ማካፈል እንዴት ይቻላል? በመሆኑም ከማዶ የታየው ጉድለት ከወዲህም እንዳይደርስ ከመጠንቀቅ የሚበልጥ ብልህነት የለም።

በሁለቱ አገሮች መካከል ያለው ወሰን በግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. በተፈረመው ውል ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህም ብዙ ድርድር ተደርጎበታል። የወሰኑን ክርክር መጨረስ የሁለቱ መንግሥታት ሥራ ነው። የጠረፉ ሕዝብ ኑሮ ግን ድርድሩ እስኪያልቅ አይጠብቅም። በኢትዮጵያ በ1977 ዓ.ም. ረኃብ በበረታ ጊዜ በገዳሪፍ ምድር በኡም ራኩባ መጠለያ ተከፍቶ ኢትዮጵያውያን ተጠግተውበታል። ያው ስፍራ በኅዳር 2013 ዓ.ም. ከትግራይ ጦርነት ለሸሹ ሰዎች እንደገና ተከፈተ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲፈነዳ ደግሞ ብዙ ሱዳናውያን ወደ ገዳሪፍ ተሰደዱ፤ ሌሎችም በገላባት በኩል ወደ መተማ ተሻገሩ። ስደተኛውን የሚያስተናግደው፣ የሰሊጥ አጫጁን ደመወዝ የሚያስከብረው፣ የጠፋ ከብት የሚያስመልሰውና ወረርሽኝ ሲነሣ ክትባት የሚያደርሰው በመጀመሪያ የአካባቢው አስተዳደር ነው። ሥልጣንና በጀት ያለው የገዳሪፍ አስተዳደር ሥልጣንና በጀት ካለው የምዕራብ ጎንደር አስተዳደር ጋር ተነጋግሮ እነዚህን ነገሮች ሊያቃልል ይችላል። የሁለቱም እጅ ባዶ ከሆነ ግን ለትንሹም ጠብ ወታደር መጥራት ግድ ይሆናል።

እንግዲህ ከላይ ከተዘረዘረው ሁሉ የሚገኘው ፍሬ ነገር ይህ ነው። የአስተዳደር ወሰን ሊሻሻል ይችላል፤ አንዳንድ ጊዜም መሻሻል ይገባዋል። ነገር ግን ወሰን ከመለወጡ በፊት ሕዝቡ ሊቆጠርና ሊጠየቅ፣ ለአስተዳደሩ የሚሰጠው ሥራ ከነገንዘቡ በሕግ ሊጻፍ፣ አስተዳዳሪውም በመረጠው ሕዝብ ፊት ሊጠየቅ ይገባል። በአንድ ስፍራ የማይቀመጡት አርቢዎችና ወቅታዊ ሠራተኞች መብታቸው የሚጠበቅበት መንገድ አብሮ መታሰብ አለበት። እነዚህ ነገሮች በተሟሉበት አገር የግዛቶቹ ቁጥር ሦስት ቢሆን ወይም ሠላሳ ሕዝቡ ብዙ አይጨነቅም። ባልተሟሉበት አገር ግን እያንዳንዱ አዲስ ካርታ የሚያተርፈው አዲስ ማኅተምና አዲስ ሹማምንት ብቻ ነው። የገዳሪፍ ገበሬ ማሽላውን ዘርቶ ዝናቡን ሲጠብቅ ከመንግሥት የሚሻው የሚያደርሰው መንገድ፣ የሚያክመው ጣቢያ፣ ልጁን የሚያስተምር መምህርና ጉዳዩን የሚሰማ ዳኛ ነው። ወሰን አስማሪዎች ሁሉ ሥራቸውን በዚህ ቢመዝኑ ካርታውን ደጋግሞ መለወጥ አያስፈልግም ነበር።